የትንኝ መከላከያ ቅባትን ለሕፃናት በጥንቃቄ መጠቀም

ለሕፃን የትንኝ መከላከያ ቅባት ለመግዛት ያሰበ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ መመልከት ያለበት የሕፃኑን ዕድሜ ነው። ገና 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ቆዳው ላይ ምንም ዓይነት የትንኝ መከላከያ ቅባትም ሆነ የሚረጭ ፈሳሽ ሊደረግበት አይገባም፤ እርሱን ከትንኝ የሚጠብቁት አጎበርና ልብስ ብቻ ናቸው። ከ2 ወር በኋላ ግን ተገቢው ዓይነት ተመርጦ፣ በአዋቂ እጅ በስሱ ከተቀባና ሥራውን ሲጨርስ ከታጠበ፣ ወባን ወይም ዴንጊን ከምታስተላልፍ ትንኝ የሚመጣው አደጋ ከቅባቱ ከሚመጣው ስጋት እጅግ ይበልጣል። ከቅባቶቹ ጋር ተያይዘው የተመዘገቡት ከባድ ጉዳቶች በአብዛኛው የደረሱት ከመጠን በላይ በመቀባት፣ ደጋግሞ በመደራረብ ወይም ሕፃናት ፈሳሹን በመጠጣታቸው ነው። ስለዚህ ወላጁ ከሚመርጠው የቅባት ዓይነት ባልተናነሰ አቀባቡ ሊታሰብበት ይገባል።

ሕፃን ከአዋቂ የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው በሁለት ምክንያት ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ ከመሆኑም በላይ፣ የቆዳው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ይበልጣል፤ በዚህ የተነሣ በቆዳው በኩል ወደ ሰውነቱ የሚገባው ንጥረ ነገር በአንጻራዊነት ብዙ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የጠባዩ ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ጣቶቹን ይጠባል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ስለዚህ በእጁ ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ እንደሚዋጥ ቆጥሮ መነሣት ይሻላል።

ቅባቱ እንዴት እንደሚሠራ

የትንኝ መከላከያ ቅባት ትንኝን አይገድልም። ሴቷ ትንኝ ሰውን የምታገኘው ከትንፋሽ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሰውነት ሙቀትና በቆዳ ጠረን ነው፤ ቅባቱ ከቆዳው ላይ ቀስ በቀስ እየተነነ ይህን የጠረን ፍለጋዋን ያውክባታል። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ቅባቱ የሚጠብቀው የተቀባውን ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ክንዱ ተቀብቶ ቁርጭምጭሚቱ የተረሳ ሕፃን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይነከሳል። ሁለተኛ፣ በወፍራሙ መቀባት ጥበቃውን አያጠነክረውም፤ ቆዳውን በስሱና በእኩልነት የሸፈነ ቅባት በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሕፃኑን ለበለጠ ኬሚካል ከማጋለጥ በቀር ጥቅም የለውም።

ምን ዓይነት ቅባት ይመረጣል

በዕቃው ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ትቶ በጀርባው በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። «ለሕፃናት» የሚለው ቃልና የሕፃን ሥዕል ስለ ይዘቱ የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። መፈለግ ያለበት ትንኝ የሚያባርረው ንጥረ ነገር ስምና በመቶኛ የተገለጸው መጠኑ ነው፤ ሁለቱም ያልተጻፉበት ዕቃ ለሕፃን አይገዛም።

ለረጅም ጊዜ የተጠናውና በስፋት የታወቀው ንጥረ ነገር ዲት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተሠርቶ፣ ከ1957 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት ውሏል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜያቸው ከ2 ወር በላይ ለሆኑ ሕፃናት ዲት መጠቀም እንደሚቻል፣ ነገር ግን መጠኑ ከ30 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት ይመክራል። ወላጆች ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚረዱት ይህን መቶኛ ነው። መቶኛው ሲጨምር የሚረዝመው የጥበቃው ጊዜ ነው፤ 10 በመቶ ዲት ያለው ቅባት በግምት ለ2 ሰዓት፣ 30 በመቶ ያለው ደግሞ በግምት ለ5 ሰዓት ይከላከላል። እንግዲህ ሕፃኑ ደጅ የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ 30 በመቶ የሆነውን መቀባት ያለ ምክንያት መጋለጥ ነው፤ የሚያስፈልገውን ጊዜ የሚሸፍነው ዝቅተኛው መጠን ይመረጣል።

ሁለተኛው አማራጭ ፒካሪዲን ነው፤ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ኢካሪዲን ተብሎ ይጻፋል። ሽታው ቀላል ነው፣ ቆዳን እንደ ዲት አያጣብቅም፣ ፕላስቲክንና ሰው ሠራሽ ጨርቅንም አያበላሽም፤ ዲት ግን የመነጽር ፍሬምን፣ የፕላስቲክ መጫወቻንና አንዳንድ ጨርቆችን ሊያሟሟ ይችላል። 5 በመቶ ፒካሪዲን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ሲያገለግል፣ 20 በመቶ የሆነው 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም በሚገኙበት ቦታ፣ መጫወቻውን ሁሉ ለሚያኝክ ሕፃን ፒካሪዲን የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። አይአር3535 የሚባለው ሦስተኛው ንጥረ ነገርም በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት አገልግሎት ላይ ቆይቷል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል።

«ከዕፅዋት የተገኘ» የሚለው ጽሑፍ ወላጆችን ያዘናጋል። የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት የሚባለውና ፒኤምዲ የተሰኘ ንጥረ ነገር የያዘው መከላከያ ትንኝን በሚገባ ያባርራል፤ ሆኖም ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። ከዕፅዋት መገኘቱ ለሕፃን ተስማሚ አያደርገውም ማለት ነው። የሲትሮኔላ ዘይትና መሰሎቹ ደግሞ ቶሎ ስለሚተኑ የጥበቃ ጊዜያቸው አጭር ነው፤ የሕፃንን ቆዳ የማስቆጣት ዕድልም አላቸው። እነዚህን ዘይቶች በቤት ውስጥ ቀምሞ ሕፃንን መቀባት መጠኑን ለመቆጣጠር ስለማያስችል መተው አለበት።

በዕድሜ ገደቡ ላይ የሁሉም አገር መመሪያ አንድ አይደለም። የካናዳ የጤና ባለሥልጣን ለምሳሌ ዲትን ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይፈቅድም፤ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉትም ከ10 በመቶ ያልበለጠውን፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም የንክሻው አደጋ ከፍተኛ ሲሆን እንዲሆን ያዛል። ፒካሪዲን የያዙ አንዳንድ ዕቃዎችም ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይውሉ ተጽፎባቸዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም በእጅዎ ያለው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ገደብ ይከተሉ፤ ጥብቁ መመሪያ ሕፃኑን የሚጎዳው ነገር የለም፣ የወባ ሥርጭት ባለበት አካባቢ ግን ጉዳዩን ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይገባል። ያለጊዜው የተወለደ፣ ችፌ ያለበት ወይም ሌላ የቆዳ ሕመም ያለበት ሕፃን ወላጅም ዕድሜው ቢፈቅድም ባለሙያ ሳያማክር መጀመር የለበትም።

አቀባቡ

ቅባቱን አዲስ ለሚሞክር ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ጥቂቱን በክንዱ ወይም በእግሩ ላይ በትንሽ ቦታ ቀብቶ ቆዳው መቅላቱን ወይም ማበጡን መከታተል ጠቃሚ ነው። ቆዳው ካልተቆጣ በሚከተለው መንገድ መቀጠል ይቻላል።

ቅባቱን በቀጥታ በሕፃኑ ላይ አያፍስሱ፣ አይርጩም። መጀመሪያ በራስዎ መዳፍ ላይ ጥቂት ያድርጉ፤ ሁለቱን መዳፎች አሻሽተው ከልብስ ውጭ በሚታየው የሕፃኑ ቆዳ ላይ፣ ማለትም በክንዱ፣ በእግሩ፣ በቁርጭምጭሚቱና በአንገቱ ጀርባ በስሱ ያዳርሱት። ፊቱን መቀባት ካስፈለገ በመዳፍዎ ላይ የቀረችው ጥቂት ቅባት ትበቃለች፤ እርሷንም ከዓይንና ከአፍ አርቀው፣ በግንባሩና በጆሮው አካባቢ በጣም በስሱ ይቀቡ። የሕፃኑ መዳፎችና ጣቶች ፈጽሞ አይቀቡም። የተላጠ፣ የቆሰለ፣ ሽፍታ ያለበት ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳም እንዲሁ ይታለፋል፤ እንዲህ ባለው ቆዳ በኩል ኬሚካሉ ወደ ሰውነት ስለሚገባ በልብስ መሸፈኑ ይሻላል።

በልብስ የሚሸፈነው ቆዳ አይቀባም። ሸሚዙና ሱሪው ያንን ክፍል እየጠበቁት ሳለ፣ በልብስና በቆዳ መካከል ታምቆ የሚቀር ቅባት ቆዳውን የማስቆጣቱና ወደ ሰውነት የመግባቱ ዕድል ይጨምራል። በዳይፐር ሥር ያለው ቆዳ በምንም ምክንያት አይነካም። ተቀብቶ ሲያበቃ ወላጁ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ሕፃኑን መመገብ ወይም ጡጦ መያዝ ያለበት።

የሚረጨው ዓይነት ለሕፃን የማይመች ቢሆንም፣ የተገኘው እርሱ ብቻ ከሆነ አዋቂው ከሕፃኑ ራቅ ብሎ በገዛ መዳፉ ላይ ይርጨውና በእጁ ይቀባው። በተዘጋ ክፍል፣ በመኪና ውስጥ ወይም ምግብ ባለበት አካባቢ መርጨት አይገባም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ትልልቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን እንዲቀቡ መፍቀድም ተገቢ አይደለም፤ አሠራሩ በአዋቂ እጅ ብቻ መሆን አለበት።

በዕቃው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ ደግሞ መቀባት አያስፈልግም። ላብ ወይም ውኃ ጊዜውን ሊያሳጥረው ስለሚችል ሕፃኑ እንደገና መነከስ ከጀመረ ድጋሚ መቀባት ይቻላል፤ ቢሆንም ለሕፃን የሚሻለው ድጋሚ እንዳያስፈልግ ቀድሞ ማቀድ፣ ማለትም የሚቆይበትን ጊዜ የሚሸፍን መጠን መምረጥ ወይም ትንኝ ወዳልበዛበት ቦታ መውሰድ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ የተቀባው ቆዳ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ ልብሱም ዳግም ከመልበሱ በፊት ይታጠባል። ሕፃኑ ቅባቱን እንደተቀባ ማስተኛት ልማድ መሆን የለበትም፤ በእንቅልፍ ሰዓት ሥራው የአጎበር ነው።

የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የትንኝ መከላከያ በአንድ ዕቃ ተቀላቅለው ሲሸጡ አመቺ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የፀሐይ ክሬም በየ2 ሰዓቱ ሲደገም የትንኝ መከላከያው አብሮ ስለሚደጋገም ሕፃኑ ከሚገባው በላይ ኬሚካል ይቀባል። ሁለቱ ለየብቻ ይገዙ፤ የፀሐይ ክሬሙ ቀድሞ ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ የትንኝ መከላከያው ይከተላል። ዲት የፀሐይ ክሬምን ኃይል በሲሶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ማወቅም ጥሩ ነው። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን የፀሐይ ክሬም ራሱ ተመራጭ ስላልሆነ ጥላና ቀላል ልብስ ይበቁታል።

የምታጠባ እናት ለራሷ የትንኝ መከላከያ መቀባት ትችላለች። ጡቷን፣ በተለይም የጡቷን ጫፍ አትቀባ፤ ሕፃኑን ከማቀፏና ከማጥባቷ በፊት እጇን ትታጠብ። ሕፃኑ ፊቱን የሚያስጠጋበትን አንገቷንና ደረቷን ሳትቀባ መተዋም ይጠቅማል።

ቅባት ሳያስፈልግ የሚሠሩ መከላከያዎች

ለሕፃን ከሁሉ የላቀው መከላከያ በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ነው፤ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ መጠቀም ይቻላል። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ሕፃኑ ተኝቶ የሚያሳልፈውን አደገኛውን ጊዜ አጎበሩ ይሸፍነዋል። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ከማሸጊያው ወጥቶ በጥላ ሥር ለ24 ሰዓት ያህል ነፋስ ቢያገኝ ይመከራል። ሲሰቀል ጫፎቹ ከፍራሹ ሥር በሚገባ ይወተፉ፣ ቀዳዳ ካለውም ይሰፋ። የሕፃኑ ገላ አጎበሩን የሚነካ ከሆነ ትንኟ በመረቡ በኩል ልትነክሰው ትችላለች፤ ስለዚህ አጎበሩ ዘና ብሎ የሚሰቀልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ የፀሐይ ብርሃንና በረኪና ኬሚካሉን ያጠፉታል።

ቀን ቀን የምትናከሰዋ የኤደስ ትንኝ ዴንጊን፣ ቺኩንጉንያን፣ ዚካንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፍ ናት፤ እርሷ በምትገኝበት አካባቢ ሕፃኑ ቀንም ሲተኛ አጎበር ያስፈልገዋል። የሕፃን ጋሪና ማዘያ ዙሪያው በላስቲክ በሚጠብቅ መረብ ሊሸፈን ይችላል። ነገር ግን ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጨርቅ ጋሪው ላይ ጣል ማድረግ ውስጡን በፍጥነት የሚያግል አደገኛ ልማድ ስለሆነ አየር በሚያሳልፍ መረብ ብቻ ይሸፈን።

ልብሱ እጅጌው ረጅም፣ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ሰፋ ያለና ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ፔርሜትሪን የሚባለው ኬሚካል በልብስና በመረብ ላይ እንጂ በቆዳ ላይ ለትንኝ መከላከያነት አይውልም። እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ የሚቀባው ቆዳ በጣም ጥቂት ይሆናል፤ በደንብ ለለበሰ ሕፃን ቅባት የሚያስፈልገው እንደ አንገቱ ጀርባና ቁርጭምጭሚቱ ላሉ ቦታዎች ብቻ ነው።

በቤቱ ዙሪያ በባልዲ፣ በጎማ፣ በአበባ ማሰሮና በተጣሉ ጣሳዎች የተጠራቀመ ውኃ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደፋ፤ የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ ክንፍ እስኪያወጣ በሞቃት ወቅት ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ብቻ ይፈጅበታል።

መወገድ ያለባቸው

የሚጨሱ የትንኝ ጥቅሎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕፃን ባለበት መጨስ የለባቸውም፤ ጭሱ የሕፃኑን መተንፈሻ ይጎዳል። ቤት ውስጥ የሚረጭ ፀረ ተባይ ከተረጨ ሕፃኑ አስቀድሞ ከክፍሉ ይወጣል፣ ክፍሉም በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ይመለሳል። በድምፅ ትንኝ ያባርራሉ የሚባሉ መሣሪያዎች አይሠሩም። የእጅ አምባር መሰል መከላከያዎችም ቢያንስ ለሕፃን አይበጁም፤ ከክንዱ ራቅ ያለውን ቆዳ አይጠብቁም፣ ሕፃኑም ያኝካቸዋል። ካምፎር የተባለ ጠንካራ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባትና በአልባሳት መሐል የሚቀመጡ የናፍታሊን ፍሬዎች ከዚህም ይከፋሉ። ካምፎር ሲዋጥ በሕፃናት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያስከትላል፤ ናፍታሊን ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸውን ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል።

ጉዳት ቢደርስ

ቅባቱ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ፣ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወደ ውኃ ወይም ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይገልበጥ። ቆዳው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካሳከከ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ይታጠብና አጠቃቀሙ ይቁም። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ይታጠብ። ከዋጠው አፉ ይጽዳ እንጂ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ብዙዎቹ ፈሳሾች አልኮል ስላለባቸው በትንሽ ልጅ ላይ የደም ስኳርን ሊያወርዱ ይችላሉና ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፣ ዕቃውም አብሮ ይወሰድ፤ ሐኪሙ ምን ያህል መቶኛ እንደያዘ ማንበብ ይኖርበታል። ከባድ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መንገዳገድ ወይም መንቀጥቀጥ ሲታይ ሳይዘገይ የድንገተኛ እርዳታ መሻት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሕፃኑ ሊነከስ ይችላል። የተነከሰው ቦታ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይያዝለት፤ ጥፍሮቹ አጥረው ይቆረጡ፣ እያከከ ካቆሰለው ቦታው ሊያመረቅዝ ይችላልና። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ሕፃኑ መተንፈስ ካቃተው ወደ ሐኪም ይወሰድ። ወባ ባለበት አካባቢ የኖረ ወይም የተጓዘ ሕፃን ካተኮሰ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ የወባ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከንክሻው በኋላ ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ወላጁ ንክሻውን ወይም ጉዞውን እስኪረሳው ድረስ ሊቆይ ይችላልና ለሐኪሙ አስታውሶ መናገር ይኖርበታል። ሕፃኑ ከ3 ወር በታች ከሆነና ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ግን የትንኝ ንክሻ ይኑር አይኑር በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።